የእንቁላል ትኩስነትና የአስኳል ቀለም፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ከእርባታ ለሚገዙ ሰዎች ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ፣ በለገጣፎና በገላን፣ እንቁላልን በቀጥታ ከእርባታ በር ላይ መግዛት የተለመደ ሆኗል። ገዢውና አርቢው ፊት ለፊት ስለሚገናኙ በሱቅ የማይነሡ ጥያቄዎች እዚያ ይነሣሉ። ከሁሉም የሚበዙት ሁለት ናቸው፤ አንዱ እንቁላሉ መቼ ተጣለ የሚል ሲሆን ሌላው አስኳሉ ለምን ነጣ የሚል ነው። ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ሆነው ሳሉ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ይታያሉ፤ በዚህም ምክንያት ገዢው ለቆየ እንቁላል ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላል፣ ትኩስ እንቁላል ይዞ የቀረበው አርቢም ያለ ጥፋቱ ገበያ ያጣል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁለቱን ጉዳዮች ለይቶ ለማየት እንዲያግዙ የተዘጋጁ ናቸው።

አስኳሉ ደማቅ ቢጫ የሆነ እንቁላል ትኩስ ነው ማለት ነው?

አይደለም። የአስኳል ቀለም ዶሮዋ ምን እንደበላች ያሳያል እንጂ እንቁላሉ ስንት ቀን እንደቆየ አያሳይም። ዛሬ ጠዋት የተጣለ እንቁላል አስኳሉ የገረጣ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ወር የሞላው እንቁላል ደግሞ ወደ ብርቱካንማ ያደላ ደማቅ አስኳል ሊኖረው ይችላል። እንቁላል ሲቆይ በነጩ ውስጥ ያለው ውሃ ቀስ በቀስ ወደ አስኳሉ ስለሚገባ አስኳሉ ማበጡና ቀለሙም በጥቂቱ መሳሳቱ እርግጥ ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ለውጥ በዓይን ለመለየት የሚያዳግት ከመሆኑም በላይ መኖ ከሚያመጣው ልዩነት ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ትኩስነትን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መመልከት ያለበት ነጩንና በቅርፊቱ ውስጥ ያለውን የአየር ኪስ ነው።

ታዲያ የአስኳሉን ቀለም የሚወስነው ምንድን ነው?

ቀለሙ የሚመጣው ዛንቶፊል ተብለው ከሚጠሩና በዕፅዋት ውስጥ ከሚገኙ ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገሮች ሲሆን ከእነርሱም ዋና ዋናዎቹ ሉቴይንና ዚያዛንቲን ናቸው። ዶሮ እነዚህን በራሷ ሰውነት ውስጥ መሥራት ስለማትችል ከምትበላው ነገር ማግኘት አለባት። ንጥረ ነገሮቹ በስብ የሚሟሙ በመሆናቸው ከአንጀቷ ከስብ ጋር አብረው ወደ ደሟ ይገባሉ፤ ከዚያም በማደግ ላይ ባለው አስኳል ውስጥ ይከማቻሉ። አስኳል በፍጥነት የሚያድገው እንቁላሉ ከመጣሉ በፊት ባሉት 10 ቀናት ገደማ ሲሆን የሚያድገውም አንዱ ስስ ሽፋን በሌላው ላይ እየተደረበ ነው። ዛሬ መኖ የቀየረ አርቢ ለውጡን ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ማየት የሚጀምረውና ሙሉውን ውጤት ለማየት ግን ወደ 10 ቀን ገደማ መጠበቅ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

በብዙ አገሮች የእርባታ እንቁላል ቢጫ የሚሆነው መኖው በቢጫ በቆሎ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ነው። በአገራችን የሚመረተው በቆሎ ግን በአብዛኛው ነጭ ነው። ነጭ በቆሎ ለዶሮዋ ኃይል በመስጠት ከቢጫው የማያንስ ሲሆን ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገር ግን የለውም ማለት ይቻላል። በመኖ ውስጥ የሚገቡት ስንዴ፣ ገብስ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎም ለቀለም የሚያበረክቱት ድርሻ አነስተኛ ነው። ስለዚህ በመዲናዋ ዙሪያ ባለ እርባታ ውስጥ ተዘግታ የምትኖር ዶሮ በነጭ በቆሎ መኖ ብቻ ስትመገብ፣ ፍጹም ጤነኛ ብትሆንና መኖዋም የተሟላ ቢሆን እንኳ፣ አስኳሏ ነጣ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። በዚህ ረገድ በአርቢዎች ላይ የሚሰነዘረው ወቀሳ ብዙ ጊዜ ተገቢ አይደለም።

ቀለሙን የሚያደምቁት ትኩስ ሣር፣ አልፋልፋ የተባለው የእንስሳት መኖ ተክል፣ የጎመን ቅጠልና ሌላ ጥልቅ አረንጓዴ የሆነ ተክል ናቸው። ቅጠሎቹ አረንጓዴ ሆነው ቢታዩም በውስጣቸው ብዙ ሉቴይን ስላለ አስኳሉን ቢጫ ያደርጉታል። በርበሬ በበኩሉ ካፕሳንቲን የተባለ ቀይ ቀለም ሰጪ ስላለው አስኳሉን ወደ ብርቱካንማ ይወስደዋል። ካሮት ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት አይደለም፤ በካሮት ውስጥ ያለውን ቤታ ካሮቲን ዶሮዋ አብዛኛውን ወደ ቫይታሚን ኤ ስለምትለውጠውና ቫይታሚን ኤ ራሱ ቀለም ስለሌለው፣ አስኳሉ ላይ የሚታየው ለውጥ ጥቂት ነው።

መኖው ሳይለወጥ አስኳሉ በድንገት ከገረጣ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ኮክሲዲያ የተባሉ በዓይን የማይታዩ የአንጀት ተውሳኮች፣ የአንጀት ጥገኛ ትላትሎች ወይም የሻገተ መኖ አንጀት ንጥረ ነገሮችን እንዳይወስድ ስለሚያደርጉ ቀለሙ ሊቀንስ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ለውጥ የመጣል መቀነስና የኩስ መቅጠን ከታከለበት የእንስሳት ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ለረጅም ጊዜ የተከማቸ ቢጫ በቆሎም ቀለም የመስጠት ኃይሉ ይቀንሳል።

የሐበሻ እንቁላል አስኳሉ የሚደምቀው ለምንድን ነው? ከፈረንጁ የተሻለ ምግብስ ነው?

የሐበሻ ዶሮ በጓሮና በማሳ ዳር ተለቃ ሣር፣ ቅጠል፣ ነፍሳትና የወዳደቀ እህል እየለቃቀመች ስለምትውል አስኳሏ የሣሩን ቀለም ይይዛል። ያው የሐበሻ ዶሮ በቤት ተዘግታ ነጭ በቆሎ ብቻ ብትመገብ አስኳሏ ይገረጣል፤ በእርባታ ያለችው ቦቫንስ ወይም ሳሶ የተባለው የፈረንጅ ዝርያ ዶሮም ወደ ሣር ብትለቀቅ አስኳሏ ይደምቃል። ዝርያው የሚወስነው የቅርፊቱን ቀለም እንጂ የአስኳሉን ቀለም አይደለም።

ከምግብነት አንጻር ሲታይ በሁለቱ መካከል ያለው የፕሮቲን ልዩነት ገዢዎች እንደሚገምቱት ትልቅ አይደለም። ደማቅ አስኳል ሉቴይንና ዚያዛንቲን በብዛት መያዙ እውነት ነው፤ እነዚህም ለዓይን ጠቃሚ ናቸው። ነገር ግን የሐበሻ እንቁላል ክብደቱ 40 ግራም ገደማ ሲሆን የእርባታው ከ55 እስከ 60 ግራም ስለሚመዝን፣ በቁጥር የሚገዛ ሰው ይህንንም ከግምት ማስገባት ይኖርበታል። ጣዕሙን ወዶ የሐበሻውን የሚመርጥ ሰው ምርጫው የራሱ ነው፤ ሰው በሚወደው ጣዕም ላይ ክርክር አያስፈልግም።

ትኩረት የሚያስፈልገው ሌላው ነጥብ ግን ብዙም የማይነሣ ነው። አንዲት የሐበሻ ዶሮ የምትጥለው ጥቂት ስለሆነ ባለቤቷ እንቁላሉን ለቀናት አጠራቅማ ለገበያ ቀን ታወጣዋለች፤ ሰብሳቢው ነጋዴ ከብዙ ቤቶችና ከተለያዩ የገበያ ቀናት የገዛውን በጭድ በተሞላ ቅርጫት አጠራቅሞ ወደ ከተማ ይልካል፤ ከዚያም በጉልት ወይም በሱቅ እንደገና ይቆያል። ስለዚህ በአስኳሉ ድምቀት ተማምኖ የገዛው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከእርባታው እንቁላል ይልቅ የቆየውን ነው። በአንድ ቅርጫት ውስጥ ያሉት እንቁላሎች ዕድሜያቸው የተለያየ በመሆኑ አንዱን ሰብሮ አይቶ በቀሩት ላይ መፍረድም አይቻልም። አልፎ አልፎ ዶሮ የታቀፈችው እንቁላል ተቀላቅሎ የሚገኘውም በዚሁ መንገድ በመጣው ውስጥ ነው።

አስኳሉን ለማድመቅ ቀለም ይጨመራል ይባላል። እውነት ነው?

በእንቁላሉ ውስጥ ቀለም በመርፌ ይገባል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ ቅርፊቱ የተበሳ እንቁላል በፍጥነት የሚበላሽ ስለሆነ ለነጋዴውም አያዋጣም። በመኖ ውስጥ ቀለም ሰጪ መጨመር ግን በዓለም ዙሪያ የታወቀ አሠራር ነው። ማሪጎልድ ከተባለው ቢጫ አበባና ከቀይ በርበሬ የሚወጡ ንጥረ ነገሮች ለዚህ ያገለግላሉ፤ በፋብሪካ የሚሠሩም አሉ። ከፋብሪካ ውጤቶቹ አንዱ የሆነው ካንታዛንቲን በብዛት ሲወሰድ በሰው ዓይን ሬቲና ላይ ሊጠራቀም እንደሚችል ስለታወቀ፣ የአውሮፓ ኅብረት ለእንቁላል ጣይ ዶሮዎች በኪሎ ግራም መኖ ከ8 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ገድቦታል። ትላልቅ እርባታዎች ቀለሙን የሚለኩት ከ1 እስከ 15 ቁጥር የተሰጣቸው ባለ ቀለም ቅጠሎች ባሉት ማነጻጸሪያ ሲሆን፣ የተሰበረውን አስኳል ከቅጠሎቹ ጋር እያስተያዩ ቁጥሩን ይመዘግባሉ። ገዢው ይህን ማወቁ የሚጠቅመው ደማቅ ቀለም ብቻውን ዶሮዋ ሣር ላይ ለመዋሏ ማስረጃ እንደማይሆን እንዲረዳ ነው።

እንቁላሉን ሳልሰብር ትኩስነቱን እንዴት ማወቅ እችላለሁ?

ሁሉም ዘዴዎች የሚመሠረቱት በአንድ ነገር ላይ ነው። እንቁላል ከዶሮዋ ሲወጣ 41 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚሆነውን የሰውነቷን ሙቀት ይዞ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ ውስጡ ስለሚኮማተር ሰፊው ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት ስስ ሽፋኖች ይላቀቁና በመካከላቸው አየር ይገባል፤ የአየር ኪስ የሚባለው ይህ ነው። ቅርፊቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ከውስጡ ውሃ ይተናል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይወጣል፤ በወጣው ልክ አየር እየገባ ኪሱ ይሰፋል። እንግዲህ የኪሱን ስፋት ማወቅ የእንቁላሉን ዕድሜ ወደ ማወቅ ያደርሳል።

አስተማማኙ መንገድ በብርሃን ማየት ነው። ቀደም ሲል እናቶቻችን እንቁላሉን በእጃቸው ጋርደው ወደ ፀሐይ በማቅናት ያደርጉት የነበረውን ዛሬ በጨለማ ክፍል ውስጥ በስልክ መብራት ማድረግ ይቻላል። የእንቁላሉን ሰፊ ጫፍ በመብራቱ ላይ ማስቀመጥና በእጅ ዙሪያውን መጋረድ በቂ ነው። በላይኛው በኩል የሚታየው የብርሃን ክብ የአየር ኪሱ ነው። በአሜሪካ የደረጃ መለኪያ ለከፍተኛው ደረጃ የኪሱ ጥልቀት ከ3 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ይጠየቃል፤ በአውሮፓ ደግሞ ለአንደኛ ደረጃ እንቁላል የሚፈቀደው እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው። እንቁላሉን ቀስ ብለው ሲያዞሩት አስኳሉ በመካከል እንደ ጥላ ደብዝዞ ከታየና ብዙ ካልተንቀሳቀሰ ነጩ ገና ወፍራም ነው ማለት ነው፤ ጥላው ጠቁሮና ወደ ቅርፊቱ ተጠግቶ እየተንሸራተተ ከታየ ግን ነጩ ቀጥኗል። የደም ሥር መረብ ወይም ብርሃን የማያሳልፍ ጥቁረት ከታየ እንቁላሉ ለምግብ አይሆንም። ቡናማ ቅርፊት ብርሃኑን በመጠኑ ስለሚያዝ መብራቱ ጠንከር ያለ መሆን አለበት።

በውሃ መፈተሽም የታወቀ ነው። ትኩስ እንቁላል ከውሃ ስለሚከብድ በሳህን ሥር ተጋድሞ ይቀመጣል። ሳምንት ገደማ ሲሞላው ሰፊው ጫፍ ቀና ይላል፤ ሲቆይ በሾጣጣው ጫፍ ይቆማል፤ በጣም ሲቆይ ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈ ሁሉ የገማ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። መንሳፈፉ የሚያረጋግጠው ብዙ ውሃ መትነኑን ብቻ ነው፤ ደረቅና ነፋሻ ቦታ የተቀመጠ እንቁላል ሳይበላሽ ቶሎ ሊንሳፈፍ ይችላል፤ በተቃራኒው ባክቴሪያ የገባበት እንቁላል ሥር ተጋድሞ ሊገኝ ይችላል። የተንሳፈፈውን ለብቻው ሰብሮ ማሽተት ተገቢ ነው። በውሃ የተነከረ እንቁላል የቅርፊቱ መከላከያ ስለሚላላ ተመልሶ መከማቸት የለበትም፤ በዚያው ቀን ቢበስል ይመረጣል። ይህ ፈተና በገዢው ቤት እንጂ በሻጩ ዘንድ እንዲደረግ የማይመከረውም በዚህ ምክንያት ነው።

በጆሮ አጠገብ መነቅነቅን በተመለከተ፣ ውስጡ ሲናወጥ የሚሰማ እንቁላል መቆየቱ አይቀርም፤ ድምፅ ያላሰማው ግን ትኩስ ነው ማለት አይቻልም። መነቅነቁ ራሱም የውስጡን ሽፋኖች ሊጎዳ ስለሚችል ባይደረግ ይሻላል።

ስሰብረውስ ምን ምን ልመልከት?

እንቁላሉን በጠፍጣፋ ነጭ ሳህን ላይ ይስበሩት። በትኩስ እንቁላል ነጩ ሁለት ሆኖ በግልጽ ይታያል፤ በአስኳሉ ዙሪያ ከፍ ብሎ የሚቆም ወፍራም ነጭ አለ፣ ከእርሱ ውጭ ደግሞ ጥቂት ቀጭን ነጭ ይፈሳል። እንቁላሉ በቆየ መጠን ወፍራሙ እየቀጠነ ይሄድና በመጨረሻ ሁሉም እንደ ውሃ ይዘረጋል። አስኳሉም በመጀመሪያ ክብና ከፍ ያለ ሲሆን፣ የያዘው ስስ ሽፋን እየደከመ ሲሄድ ይተኛል፤ በጣም የቆየው ሲሰበር ወዲያውኑ ይፈርሳል። በባለሙያዎች ዘንድ ይህ በቁጥር ይለካል፤ ሬይመንድ ሃው የተባለ ሰው በ1937 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያቀረበው መለኪያ የወፍራሙን ነጭ ከፍታ ከእንቁላሉ ክብደት ጋር ያገናዝባል። ውጤቱ 72 እና ከዚያ በላይ ሲሆን እንቁላሉ በአሜሪካ ከፍተኛውን ደረጃ ያገኛል፤ ከ60 በታች ያለው ደግሞ ዝቅተኛ ነው። ያረጀች ዶሮ የምትጥለው እንቁላል ትኩስ ሆኖም ነጩ ሊቀጥን ስለሚችል፣ ሁልጊዜ ከአንድ እርባታ የሚገዛ ሰው የዶሮዎቹን ዕድሜ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ከአስኳሉ ግራና ቀኝ የሚታየው የተጠማዘዘ ነጭ ገመድ መሰል ነገር አስኳሉን በመካከል የሚይዝ የእንቁላሉ አካል ነው። ብዙዎች ጽንስ መስሏቸው ያወጡታል፤ ጎልቶ መታየቱ ግን የትኩስነት ምልክት ነው። ነጩ ደመና የመሰለ ከሆነም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ገና አልወጣም ማለት ስለሆነ እንቁላሉ በጣም አዲስ ነው።

በጾም ማብቂያ ሰሞን የሚሸጥ እንቁላል ያስተማምናል?

ጥንቃቄ የሚጠይቅ ወቅት ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን እንቁላል ስለማይበሉ ፍላጎቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ዶሮዎች ግን በጾሙም ወቅት በየቀኑ ይጥላሉ። ያልተሸጠው ይከማቻል፤ ለፋሲካ ገበያው ሲነሣም የተከማቸው ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። ኅዳር 15 በሚጀምረው በጾመ ነቢያት ማብቂያ፣ በገና ዋዜማም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። በቀዝቃዛ ክፍል የተቀመጠ ከሆነ ለወጥ የሚሆን እንቁላል ነው፤ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ቀን ቀን ሙቀት ሲፈራረቅበት የከረመ ከሆነ ግን አይታመንም። በዚህ ሰሞን ብዙ የሚገዛ ሰው ከየትሪው ሁለት ሦስቱን በስልክ መብራት እንዲያይ ሻጩን ቢጠይቅ ነውር የለበትም፤ ሐቀኛ ሻጭም አይከለክልም።

ለዶሮ ወጥ ስቀቅለው ልጣጩ ነጩን ይዞ ይነሣል። እንቁላሉ መጥፎ ስለሆነ ነው?

ይልቁንም በጣም ትኩስ ስለሆነ ነው። በአዲስ እንቁላል ነጩ ከውስጠኛው ሽፋን ጋር አጥብቆ ይያያዛል፤ ቀናት ሲያልፉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወጣ የነጩ አሲድነት ስለሚቀንስ መያያዙ ይላላል። ለዶሮ ወጥ ተልጦ ሙሉውን ሳይቆረስ የሚቀርብ እንቁላል ስለሚፈለግ ከእርባታ የተገዛውን ሳምንት ያህል አቆይቶ መቀቀል ይመረጣል። የፈላ ውሃ ውስጥ ማስገባትና ሲበስል ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መክተትም ይረዳል።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንደ ሱሉልታ ባሉ ከዚህም ከፍ ባሉ ቦታዎች ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው። በውጭ አገር የምግብ አዘገጃጀት ላይ ከተጻፈው ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ መጨመር ያስፈልጋል። ያለ ልክ ሲቀቀል ግን በአስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ክብ ይታያል፤ ይህም ከነጩ የሚወጣ ድኝ ያለበት ጋዝ ከአስኳሉ ብረት ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ነው። ጉዳት የለውም፤ ከመኖም ሆነ ከመቆየት ጋር አይገናኝም።

በአስኳሉ ላይ የደም ነጠብጣብ አየሁ። ይበላል?

ይበላል። ነጠብጣቡ አስኳሉ ከእንቁልጢው ሲላቀቅ ትንሽ የደም ሥር በመበጠሷ የሚመጣ ነው፤ እንቁላሉ ጽንስ አለው ማለት አይደለም። የማይወደው ሰው በማንኪያ ጫፍ ሊያነሣው ይችላል።

አስኳሉ ወይራማ ወይም ቡናማ፣ ነጩ ደግሞ ሮዝ መልክ ያለው እንቁላል አጋጠመኝ። ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል?

አንዱ ምክንያት የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ነው። በጥጥ ፍሬ ውስጥ ያለው ጎሲፖል የተባለ ንጥረ ነገር በአስኳሉ ውስጥ ካለው ብረት ጋር ሲዋሐድ አስኳሉን ወይራማ ወይም ቡናማ ያደርገዋል፤ በጥጥ ፍሬ ዘይት ውስጥ ያሉ የተለዩ ቅባቶች ደግሞ ነጩን ሮዝ ያደርጉታል። ለውጡ የሚጎላው እንቁላሉ ሲከማች በመሆኑ አርቢው ጠዋት ሲሰብረው ምንም ሳያይ፣ ገዢው ከሳምንታት በኋላ ሊያየው ይችላል። በዚህ ጊዜ ሁለቱም እውነታቸውን ነውና መጣላት አያስፈልግም፤ የመኖውን ዓይነት መፈተሽ ይበቃል። ሆኖም ሮዝ መልክ ሱዶሞናስ በተባለ ባክቴሪያ የተበላሸ እንቁላል ምልክትም ስለሆነ፣ በቤት ውስጥ ምክንያቱን መለየት ስለማይቻል እንዲህ ያለውን እንቁላል መጣል ይገባል። ነጩ በመጠኑ ወደ አረንጓዴ ቢጫ ማድላቱ ግን ራይቦፍላቪን ከተባለው ቫይታሚን የሚመጣ ነውና አያሳስብም።

ከገዛሁ በኋላ ማጠብ አለብኝ? እንዴትስ ላስቀምጥ?

ከማስቀመጥዎ በፊት አይጠቡት። ዶሮዋ ስትጥል ቅርፊቱ ላይ የቀዳዳዎቹን አፍ የሚዘጋ ስስ ሽፋን አብሮ ይወጣል፤ ውሃ ይህን ሽፋን ያነሣዋል። ኩስ ከነካው በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል፤ በጣም የቆሸሸውን አለመግዛት ነው። ሊያበስሉት ሲሉ ማጠብ ካስፈለገ ውሃው ከእንቁላሉ ሞቅ ያለ መሆን አለበት፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጡን ስለሚያኮማትር ቆሻሻውን በቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ ይስበዋል።

በፍሪጅ የተቀመጠ ጥሬ እንቁላል ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ይቆያል። ሰፊው ጫፍ ወደ ላይ ቢሆን አስኳሉ ከአየር ኪሱ ይርቃል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ፍሪጁን ደጋግሞ አለመክፈት ይረዳል፤ ቀዝቅዞ የነበረ እንቁላል ሙቀት ሲያገኘው ላብ መሰል ውሃ ስለሚያወጣና ይህም ለባክቴሪያ መግቢያ ስለሚያመች፣ አንዴ ፍሪጅ የገባውን እያወጡ መመለስ አይገባም። ፍሪጅ የሌለው ሰው ፀሐይ የማይደርስበትን የቤቱን ቀዝቃዛ ጥግ መርጦ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢጠቀምበት በዳርቻው ደጋማ አየር አያሰጋም። እንቁላል በቅርፊቱ ሽታ ስለሚስብ ከሽንኩርት፣ ከሳሙናና ከነጭ ጋዝ መራቅ አለበት፤ ሱቅ ውስጥ ከእነዚህ ጋር ተደርድሮ የሚሸጠውን ባይገዙ ይሻላል። መንገድ ዳር በፀሐይ የተሰጣውንም እንዲሁ።

ትኩስ እንቁላልም ቢሆን ሳልሞኔላ የተባለ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖርበት ስለሚችል ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን አስኳሉ እስኪጠነክር መብሰል አለበት።

አነስተኛ አርቢ ነኝ። ደንበኞቼ አስኳሉ ነጣ ብለው ይመለሳሉ፤ ምን ባደርግ ይሻላል?

በመጀመሪያ እንቁላልዎ ትኩስ መሆኑን ያሳዩ፤ አንዱን በሳህን ሰብሮ የነጩን አቋም ማሳየት ከብዙ ንግግር ይበልጣል። ቀለሙን ለማሻሻል ደግሞ በርካሽ የሚገኘው መንገድ አልፋልፋ ነው። በጥላ ደርቆ የተፈጨ አልፋልፋ ከመኖው ከመቶ 5 እጅ ገደማ ቢገባ ለውጡ ይታያል፤ በፀሐይ የደረቀው ቀለሙን በብዛት ስለሚያጣ የጥላው ይመረጣል። ከዚህ ብዙ ቢበልጥ አሠሩ ስለሚበዛ መጣሉን ሊቀንስ ይችላል። ከአትክልት ተራ የሚተርፍ የጎመን ቅጠል በዶሮዎቹ ከፍታ ልክ ተንጠልጥሎ ቢሰጥም ጥሩ ነው፤ የጠወለገውና የሻገተው ግን ተለይቶ መውጣት አለበት። ቢጫ በቆሎ ካገኙ ከነጩ ጋር ማደባለቅ ይቻላል። በርበሬ የሚፈጭበት ወፍጮ ቤት አጠገብ ያሉ አርቢዎች የወዳደቀ በርበሬ ሲጠቀሙ ይታያል፤ ይህ አስኳሉን ማቅላቱ እርግጥ ቢሆንም የሻገተ በርበሬ አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል ደረቅና ንጹሕ መሆኑ ሳይረጋገጥ መጠቀም ተገቢ አይደለም። የሚሰጡትን በየቀኑ አይለዋውጡ፤ መጠኑ ሲለዋወጥ በአንድ ትሪ ውስጥ ያሉት አስኳሎች ቀለማቸው የተለያየ ይሆንና ገዢው ይበልጥ ይጠራጠራል።

በየቀኑ የተሰበሰበውን ለየብቻ አስቀምጠው ቀኑን በእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ ላይ ይጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በቀዳዳዎቹ ሊሰርግ ስለሚችል በእርሳስ ቢሆን ይመረጣል።